ከጉጥ የተፈለፈለ ጽዋ፤ የሳሚ ሕዝብ የእንጨት መጠጫና ልማዱ

የመጠጫ ዕቃዎች ታሪክ ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ነገሥታት የጠጡበት የወርቅ ዋንጫ ወይም ካህናት የቀደሱበት የብር ጽዋ ነው። እነዚህ በግምጃ ቤት ተጠብቀዋል፣ በመዝገብ ሰፍረዋል፣ ሥዕላቸውም በመጻሕፍት ወጥቷል። ተራው ሰው ዕድሜውን ሙሉ የጠጣበት የእንጨት ዕቃ ግን ሲያረጅና ሲሰነጠቅ ወደ እሳት ተጥሎ አመድ ይሆናል እንጂ ከመዝገብ አይገባም። ስለዚህ የቅርስ ባለሙያ የእንጨት ጽዋን ታሪክ ለመጻፍ ሲነሣ ማስረጃውን ከሰነድ ብቻ ሳይሆን ከዕቃው ከራሱ፣ ከአሠራሩና ከአጠቃቀሙ ልማድ ጭምር መፈለግ ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ ለማኅበራችን አባላትና ለሙያ ባልደረቦች የማቀርበው በሰሜን አውሮፓ ጫፍ የሚኖረው የሳሚ ሕዝብ ከዛፍ ጉጥ እየፈለፈለ የሚሠራውን የመጠጫ ጽዋ ታሪክ ነው። ዕቃው በሰሜን ሳሚ ቋንቋ «ጉክሲ»፣ በፊንላንድኛ «ኩክሳ»፣ በስዊድንኛ ደግሞ «ኮሳ» ይባላል። ርእሱን የመረጥሁት ስለ ዕቃው ውበት ብቻ አይደለም። የሳሚ ሕዝብ ባለፉት አራት መቶ ዓመታት ሃይማኖቱን፣ ቋንቋውንና የግጦሽ መሬቱን በየተራ ሲነጠቅ ይህ ጽዋ ግን ከእጁ አልወጣም። ጽዋው ለምን ሊተርፍ እንደ ቻለና ዛሬ ደግሞ የሚያሰጋው ምን እንደ ሆነ መመርመር ለእኛም ሙያ የሚጠቅም ትምህርት ያስገኛል ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ሕዝቡና አገሩ

የሳሚ ሕዝብ አገሩን በራሱ ቋንቋ «ሳፕሚ» ይለዋል። አገሩም ከመካከለኛው ኖርዌይና ስዊድን ተራሮች ተነሥቶ በሰሜን ፊንላንድ በኩል አልፎ በሩስያ ውስጥ እስከሚገኘው እስከ ኮላ ባሕረ ገብ መሬት ይዘልቃል። የሕዝቡ ቁጥር ከ80,000 እስከ 100,000 እንደሚደርስ ይገመታል፤ ከዚህም የሚበዛው በኖርዌይ ይኖራል። ጎረቤቶቹ ቀድሞ «ላፕ» ይሉት ነበር፤ ይህ ስያሜ ንቀት ያዘለ በመሆኑ ዛሬ ሕዝቡ ራሱን በሚጠራበት «ሳሚ» በሚለው ስም ተተክቷል። ቋንቋዎቹም ከፊንላንድኛና ከሃንጋርኛ ጋር ይዛመዳሉ እንጂ ከስዊድንኛና ከኖርዌይኛ ወገን አይደሉም።

ሳሚ ሁሉ መንጋ ጠባቂ ነው ማለት ስሕተት ነው። በባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥምዶ፣ በወንዝና በሐይቅ ዳር አድኖ የሚኖር ብዙ ነበር። ሆኖም ስሙ ከሁሉ ይልቅ የተያያዘው ሬይንዲር ከሚባለው የበረዶ አገር አጋዘን ርቢ ጋር ነው። አርቢዎቹ መንጋቸውን ተከትለው የብርዱን ወራት በጫካው አገር፣ የሙቀቱን ወራት በተራራ ወይም በባሕር ዳርቻ ያሳልፋሉ። እንዲህ ባለ ኑሮ የሚኖር ሰው የሚይዘው ዕቃ ቀላልና የማይሰበር መሆን አለበት። ሸክላ በጉዞ ይሰበራል። ብረት ትኩስ ነገር ሲቀዳበት ከንፈር ያቃጥላል፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርስበት ጊዜ ደግሞ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። እንጨት ግን ሙቀትንም ሆነ ቅዝቃዜን ቶሎ አያስተላልፍም፤ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ከቀበቶ ላይ ሲንጠለጠልም አይከብድም። እንግዲህ ጽዋው ከእንጨት የተሠራው ሌላ ስለታጣ ሳይሆን ለአገሩ ጠባይ የሚስማማው እርሱ በመሆኑ ነው።

ጉጡና አሠራሩ

ይሁንና ማናቸውም እንጨት ለዚህ ሥራ አይሆንም። በሰሜኑ አገር ነጭ ልጣጭ ያለው በርች የተባለ ዛፍ በብዛት ይበቅላል። በግንዱ ላይ አንዳንድ ጊዜ እንደ ዕጢ ያበጠ ጉጥ ይወጣል። ይህም ዛፉ ጉዳት ሲደርስበት ወይም ሊያቆጠቁጡ የነበሩ እንቡጦች ሳይፈነዱ በአንድ ስፍራ ሲከማቹ የሚፈጠር ነው። ለጣውላ ሠራተኛ ጉጥ ጉድለት ነው፤ ለጽዋ ሠሪው ግን ሲፈልገው የሚውል ሀብት ነው። ምክንያቱም የቀጥታው እንጨት ጅማት በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ በሚደርቅበት ጊዜ በዚያው መሥመር ይሰነጠቃል። የጉጡ ጅማት ግን በየአቅጣጫው የተጠማዘዘና እርስ በርሱ የተቆላለፈ በመሆኑ ስንጥቁ የሚሄድበት መንገድ አያገኝም። በቀዝቃዛው አገር ዛፉ ቀስ ብሎ ስለሚያድግም እንጨቱ የጠጠረና የጠነከረ ይሆናል።

ጉጡ በመጋዝ ከግንዱ ከተለየ በኋላ ገና እርጥብ ሳለ በመጥረቢያ ይጠረባል፤ ውስጡም ጫፉ በታጠፈ ቢላዋ ይፈለፈላል። በዚህ ደረጃ የጽዋው ግድግዳ ወፍራም ሆኖ ይተዋል። ቀጥሎ ብዙ ሠሪዎች በጨው ውሃ ለሰዓታት ይቀቅሉታል፤ ይህም በሚደርቅበት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል። ከዚያም በፍቅፋቂው ውስጥ ተቀብሮ ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እንዲደርቅ ይደረጋል። የሥራው አስቸጋሪ ክፍል ይህ ጥበቃ ነው። የቸኮለ ሠሪ የብዙ ቀን ድካሙ በአንድ ሌሊት ተሰንጥቆ ያገኘዋል። እንጨቱ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ግድግዳው እንደገና ተፍቆ ይሳሳል፣ ይለሰልሳል፣ በስብ ወይም በዘይት ይታሻል። አንዳንዶች ደግሞ ቡና ውስጥ ዘፍዝፈው ያጠቁሩታል።

እጀታው ከጽዋው ጋር ከአንድ ጉጥ የሚወጣ እንጂ በኋላ የሚለጠፍ አይደለም። በእጀታው ላይ ለጣት መግቢያ ወይም ለቆዳ ማንጠልጠያ የሚሆን ቀዳዳ ይደረጋል። ብዙ ጊዜም የአጋዘን ቀንድ ቁራጭ ይለበጥበታል፤ በቀንዱም ላይ ሐረግ ይቀረጽበታል። በደቡቡ የሳሚ አገር የሚዘወተረው ጌጥ መሥመርና ማእዘን የበዛበት ሲሆን፣ በሰሜኑ ግን አበባና ቅጠል የሚመስል ሆኖ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይተውለታል። በመሆኑም አዋቂ ሰው ጽዋውን አይቶ ከየት እንደ መጣ ሊናገር ይችላል።

ከዚሁ ከጉጥ የሚፈለፈል ሌላ ዕቃ ደግሞ «ናሕፒ» የሚባለው የማለቢያ ገበታ ነው። የአጋዘኗ ወተት መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ስቡ እጅግ የበዛ ነው፤ ስለዚህም አንዲት ጠብታ እንኳ መፍሰስ አልነበረባትም። አጋዘን ማለብ በ20ኛው መቶ ዓመት ውስጥ እየቀረ ስለ ሄደ ናሕፒው ከቤት ወጥቶ ሙዚየም ሲገባ፣ ጉክሲው ግን ከአገልግሎት አልወጣም።

ይህ ሥራ ሁሉ በሳሚኛ «ዱኦጂ» በሚባል አንድ ቃል ይጠራል። ቃሉ በእጅ የሚሠራውን ሁሉ ያጠቃልላል። በልማድ እንጨት፣ ቀንድና አጥንት የወንዶች፣ ቆዳና ጨርቅ ደግሞ የሴቶች ሥራ ነበር። «ኪነ ጥበብ» ለማለት የሚያገለግል ለብቻው የቆመ የሳሚኛ ቃል በልማድ የተያዘው በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ሕዝቡ የሚያገለግለውንና የሚያምረውን በሁለት ስም አልለየም ነበር።

ጽዋውና ከበሮው

የሳሚ ድንኳን በመካከሉ ምድጃ፣ በአንድ ወገኑ ደጃፍ፣ ከምድጃው በስተጀርባ ደግሞ «ቦአሹ» የሚባል የተለየ ስፍራ ነበረው። ቦአሹ የምግብና የመጠጥ ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ በዚያው ላይ ደግሞ የተቀደሰ ስፍራ ስለ ነበር የትንቢት መናገሪያው ከበሮ የሚቀመጠው እዚያው ነበር። በሰሜኑ የሳሚ አገር የከበሮው አካል እንደ ጽዋው ሁሉ ከዛፍ ጉጥ የሚፈለፈል ሲሆን፣ በላዩ የተወጠረው ቆዳ በቀይ ቀለም አማልክትን፣ አራዊትንና ሰዎችን በሚያሳዩ ሥዕሎች ይሞላ ነበር። እንግዲህ ከበሮውና ጽዋው በአንድ ዓይነት እንጨትና በአንድ ዓይነት ሙያ የተሠሩ፣ በአንድ ስፍራም የተቀመጡ የአንድ ቤት ዕቃዎች ነበሩ ማለት ነው።

ዕጣ ፈንታቸው ግን ተለያየ። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የዴንማርክና ኖርዌይ እንዲሁም የስዊድን መንግሥታት ሕዝቡን ወደ ሉተራን ሃይማኖት ለማስገባት ሲዘምቱ ከበሮው ዋና ጠላት ሆነ። ብዙ ከበሮዎች ተወረሱ፤ ብዙዎችም ተቃጠሉ። በ1691 አንደሽ ፖልሰን የተባለ ሽማግሌ ሳሚ በሰሜን ኖርዌይ ከበሮው ተወሰደበት፤ በማግሥቱም ዓመት በጥንቆላ ተከስሶ ፍርድ ሲጠባበቅ ታስሮ ሳለ ተገደለ። ከ1716 ጀምሮ የሰበከው ሚስዮናዊ ቶማስ ፎን ቬስተን ከሰበሰባቸው ከበሮዎች የሚበዙት ወደ ኮፐንሃገን ተልከው በ1728 በከተማው በደረሰው ታላቅ ቃጠሎ ጠፉ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚገኙት የጥንት የሳሚ ከበሮዎች ከመቶ አይሞሉም።

ጽዋውን ግን የወረሰው የለም። የውሃ መጠጫ መስሎ ስለ ታየ ማንም አልጠረጠረውም። ይሁንና መጠጥም ቢሆን ከጥንቱ እምነት የተለየ አልነበረም። በዚያ ዘመን የጻፉ ሚስዮናውያን እንደ መዘገቡት፣ ሳሚዎች ከምድጃው ሥር ትኖራለች ለሚሏት፣ የወላድ ሴቶች ጠባቂ ለሆነችው ለሣራህካ ከሚጠጡት ከፍለው ያቀርቡላት ነበር። አንዳንዶችም ወደ ቤተ ክርስቲያን ለቍርባን ከመሄዳቸው በፊት በእርሷ ስም ይበሉና ይጠጡ እንደ ነበር ተጽፏል። ከበሮው በግልጽ ስለሚናገር ጠፋ፤ ጽዋው ዝም ስለሚል ተረፈ ብል ከእውነቱ የራቅሁ አይመስለኝም።

ከአረቄ ወደ ቡና

መንግሥታቱ ከሚስዮናውያን ጋር ነጋዴንና ግብር ሰብሳቢንም አመጡ። የስዊድኑ ንጉሥ ካርል 9ኛ በሰሜኑ አገር ቋሚ የክረምት ገበያዎች እንዲቋቋሙ አዘዘ፤ የዮክሞክ ገበያም ከ1605 ጀምሮ እስከ ዛሬ በየዓመቱ በየካቲት ወር ይቆማል። በገበያው የአጋዘን ቆዳ፣ ሥጋና የእጅ ሥራ ይሸጣል፤ ሳሚዎችም ዱቄት፣ ጨው፣ ጨርቅና ብረት ይገዛሉ። በዚሁ መንገድ አረቄ ገባ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአረቄ ንግድ ብዙ ቤተ ሰብ በዕዳ አስሮ መንጋውን አስጨርሶት ነበር።

በ1840ዎቹ በስዊድን ሰሜን ጫፍ በካሬሱአንዶ ደብር ያገለግል የነበረው ቄስ ላርስ ሌቪ ሌስታዲየስ ታላቅ የሃይማኖት መነቃቃት አስነሣ። በእናቱ በኩል የሳሚ ትውልድ ያለበት፣ በሙያውም የታወቀ የዕፀዋት ተመራማሪ የነበረው ይህ ሰው ስብከቱን ያነጣጠረው በአረቄ ላይ ነበር። ትምህርቱ ግን በሰላም ብቻ አልተቀበለም። በ1852 በኖርዌይ ካውቶኬይኖ ከተከታዮቹ የተወሰኑት በቁጣ ተነሥተው የመንደሩን አረቄ ነጋዴና የመንግሥቱን ሹም ገደሉ፤ ከመሪዎቹም ሁለቱ በ1854 በሞት ተቀጡ። ቄሱ ራሱ ግን ዐመፅን አልሰበከም። የሆነው ሆኖ ከዚህ በኋላ በብዙ የሳሚ ድንኳኖች አረቄ ነውር ሆኖ ቀረ፤ በጉክሲው ውስጥም ቦታውን ቡና ወሰደ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ከአገራችን ጋር ይገናኛል። ስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1732፣ የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በሳሚ አገር ተዘዋውሮ ኑሯቸውን በማስታወሻው ጽፏል። ይኸው ሰው በ1753 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ለቡና ተክል «ኮፌአ አራቢካ» የሚለውን የላቲን ስም አወጣለት። ዕውቀቱ ወደ አውሮፓ የደረሰው በዓረቦች በኩል ስለ ነበር ተክሉን ዓረባዊ አለው እንጂ፣ የትውልድ አገሩ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው ደን ነው። የስዊድን መንግሥት ከ1756 እስከ 1822 ባለው ጊዜ ውስጥ ቡናን ደጋግሞ ቢከለክልም ሕዝቡ አልተወውም፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም ቡና በነጋዴዎች አማካይነት እስከ ሳሚ ድንኳን ዘለቀ። ስለዚህ ከደኖቻችን የወጣው ፍሬ ብርድ በማይለየው አገር ከበርች ጉጥ በተፈለፈለ ጽዋ ውስጥ ገብቶ የእንግዳ መቀበያ ሆነ።

የሳሚ ቡና ሥርዓት አለው። ጀበናቸው በግልጽ እሳት ላይ የሚንጠለጠል የብረት ማሰሮ ነው፤ ቡናው ከውሃው ጋር ይፈላና አተላው እስኪዘቅጥ ይጠበቃል። በአገራችንም በብዙ ስፍራ እንደሚደረገው ጨው ይጨመርበታል። በጽዋው ውስጥ የተቈራረጠ አይብና የደረቀ የአጋዘን ሥጋ ይደረግበታል። ቡናው ከተጠጣ በኋላ በትኩሱ የለሰለሰው አይብ ይበላል። መጠጫው በዚህን ጊዜ የምግብ ገበታም ይሆናል። ወደ ድንኳን የገባ እንግዳ ቡና ሳይጠጣ መሄድ የማይገባ ሲሆን፣ ዜና መጠየቅና ጉዳይ ማንሣት የሚጀመረውም ከቡናው በኋላ ነው። ይህን ልማድ የኢትዮጵያ አንባቢ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የጽዋው ልማድና የዛሬው ሥጋት

ጉክሲ በአንድ ሰው ስም የሚያዝ ዕቃ ነው። መንገደኛው የራሱን ከቀበቶው ያንጠለጥላል፤ ወደ ሌላ ድንኳን ሲገባም ቡናው የሚቀዳለት በራሱ ጽዋ ነው። በሳሙና አይታጠብም፤ እንጨቱ ሳሙናውን ጠጥቶ ጣዕሙን ስለሚያበላሽ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ ይወለወላል። ከጊዜ ብዛት የቡናው ቀለምና የእጅ ወዝ ገብቶበት ይጠቁራል፣ ያብረቀርቃል። የጠቆረ ጽዋ ብዙ መንገድ የሄደ ሰው ምልክት ነው። ጽዋ በስጦታ ሲገኝ እንጂ ሲገዛ መልካም ዕድል አያመጣም የሚለው አባባልና አዲስ ጽዋን በመጠጥ የመመረቁ ልማድ በተለይ በፊንላንድ ተስፋፍተዋል። የታሪክ ጸሐፊ ግን ዛሬ ለአገር ጎብኚ በሱቅ የሚነገረውን ሁሉ ጥንታዊ ነው ብሎ መቀበል አይገባውም። በውሃ ብቻ የማጠቡ ልማድ ከእንጨቱ ጠባይ የመነጨ ነው፤ ሌላው ከገበያ ጋር የመጣ ሊሆን ይችላል።

ጽዋው ከሚስዮናውያን ዘመን ቢተርፍም ከትምህርት ቤት ዘመን ለመትረፍ ተቸግሮ ነበር። በኖርዌይ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የሳሚን ልጆች በቋንቋቸው እንዳይማሩ የሚያግድ ፖሊሲ ሥራ ላይ ዋለ። በስዊድን ደግሞ በ1913 በወጣ ሕግ የመንጋ አርቢዎች ልጆች ለብቻቸው በተለዩ ትምህርት ቤቶች እንዲማሩ ተደረገ። ጉጥ እየፈለገ፣ እየፈለፈለ፣ እያደረቀ ከአባቱ ሥር መማር የነበረበት ልጅ የዓመቱን ረጅም ክፍል ከቤቱ ርቆ ማሳለፍ ጀመረ። የኖርዌይ ፓርላማ ያቋቋመው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2023 ባቀረበው ዘገባ ይህ ፖሊሲ ያስከተለውን ጉዳት በስፋት ዘርዝሯል።

የዕውቀቱ ሰንሰለት ሙሉ በሙሉ ያልተበጠሰው በራሳቸው በሳሚዎች ጥረት ነው። በ1942 በዮክሞክ የሳሚዎች የሕዝብ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ ቆየት ብሎም የዱኦጂ ትምህርት ይሰጥበት ጀመር። ከዚሁ አካባቢ የተነሣው ላርስ ፒራክ (1932–2008) በእንጨትና በቀንድ ሥራው እንዲሁም በሥዕሉ ከታወቁት የሙያው ሰዎች አንዱ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአገር ጎብኚ ሲበዛ ደግሞ ሌላ አደጋ መጣ። በመኪና የተጠረቡ፣ ከሌላ አገር እንጨት የተሠሩ፣ እንዲያውም ከፕላስቲክ የተቀረጹ ጽዋዎች በጉክሲ አምሳል ገበያውን ሞሉት። በዚህ ምክንያት ከ1982 ጀምሮ «ሳሚ ዱኦጂ» የሚል ምልክት ተደነገገ፤ ዕቃው በሳሚ እጅ የተሠራ መሆኑን ለገዢው ያረጋግጣል። ምልክቱ የሚጠብቀው የጽዋውን ቅርጽ ሳይሆን በሠሪውና በዕቃው መካከል ያለውን ግንኙነት መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ቅርጹን ማንም ሊቀዳው ይችላል፤ ጉጡን ከጫካ የመምረጥና የማድረቁን ትዕግሥት ግን ፋብሪካ አይቀዳውም።

በቅርብ ዓመታት ሙዚየሞችም ድርሻቸውን መወጣት ጀምረዋል። የፊንላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ከ2,200 በላይ የሚሆኑ የሳሚ ዕቃዎችን በ2021 በኢናሪ ለሚገኘው ሲዳ ለተባለው የሳሚ ሙዚየም አስረክቧል። ከ1979 ጀምሮ በኖርዌይ በካራሾክ ሙዚየም በውሰት ይገኝ የነበረው የአንደሽ ፖልሰን ከበሮም ባለቤትነቱ በ2022 ከዴንማርክ ወደ ሳሚዎች ተላለፈ። በአንድ ቦአሹ ይቀመጡ የነበሩት ከበሮና ጽዋ ከሦስት መቶ ዓመታት መለያየት በኋላ በራሳቸው አገር እንደገና ተገናኙ ማለት ይቻላል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ዋና ነገር አለ። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ከበሮ ድምፁን አጥቷል፤ ቢመለስም የመምቻው ዕውቀት አብሮት በሙሉ አልተመለሰም። ጽዋው ግን በሣጥን ስላልተጠበቀ፣ ይልቁንም በየዕለቱ ቡና እየተቀዳበት፣ እየተለቀለቀና እያረጀ ሲሄድ በሌላ እየተተካ ስለኖረ፣ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ሠሪውም ተጠቃሚውም ሥርዓቱም አብረው ቆይተዋል። የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት የተፈለፈለ ጽዋ በቤቱ ያለው ሳሚ ጥቂት ነው፤ ጽዋውን መፈልፈል የሚችል ሳሚ ግን ዛሬም አለ።

እኛም በየአውራጃው ስንዘዋወር ዕቃ ሰብስበን፣ ቁጥር ሰጥተን፣ በመደርደሪያ አኑረን ስንመለስ ሥራችን የተፈጸመ ይመስለናል። ከዕቃው አጠገብ ግን የእንጨቱን ስም፣ የተቆረጠበትን ወቅት፣ የደረቀበትን ዘዴ፣ የጠጣበትን ሰው ልማድና ከሁሉም በላይ ሙያውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ወጣት መኖር አለመኖሩን ካልመዘገብን የያዝነው የቅርሱን ግማሽ ብቻ ነው። የአንድ መጠጫ ዕቃ ቅርስነት የሚመዘነው ስንት ዘመን በቆየበት ብቻ ሳይሆን፣ ሲሰበር የሚተካው ሰው በመኖሩ ጭምር መሆኑን የሳሚ ሕዝብ ታሪክ ያስተምረናል። የማኅበራችን ባልደረቦች በሚቀጥለው የመስክ ሥራቸው ይህን ጥያቄ በመመዝገቢያ ቅጻቸው ላይ ቢጨምሩት ለሚመጣው ትውልድ ታላቅ ውለታ እንደሚሆን አልጠራጠርም።